ሃያ ሁለት እርምጃ

ከኩሽናው በር እስከ ቦዩ ሃያ ሁለት እርምጃ፤
ይሄ ነው የኔ ካርታ፣ ይሄ ነው የኔ ማስረጃ።
በጭቃ ቀን ግን ሃያ ስድስት ይሆናል፤
እግር ሲፈራ መሬት ይሰፋል።

«ገበሬ ነዎት?» አለኝ የባጃጁ ልጅ፣ የእበት ጆንያ እየጫነልኝ።
«ሠላሳ ዓመት ፖል ላይ ሰቅሎ መብራት ኃይል ነው ያወረደኝ፤
ከዚያ ወዲህ ጎንበስ ብዬ ነው የምኖረው» አልኩት።
ሳቀ። የቀልድ አልነበረም፤ ቢሆንም ተውኩት።

የካቲት መገባደጃ አንድ ሌሊት ያካፋል፤
በስምንተኛው ቀን ስድስቱ እግር ቡናዬ ነጭ ለብሶ ያድራል።
ሽታው አጥር ዘሎ ነጂማ ጓሮ ይገባል፣
በአራተኛው ቀን ዝገት መስሎ ይረግፋል።
ነጂማ እበት ትሰጠኛለች፣ እኔ አገዳ ለላሟ፤
ማን ለማን ዕዳ እንዳለበት የምታውቀው ላሟ ናት፣ እያመነዠገች ቆማ።

ዝንጅብሉ፣ ያ በሽታ ከገባ ወዲህ፣ እምቢ አለኝ፤
ሦስት ዓመት ተከልኩ፣ ሦስት ዓመት ቢጫ ሆኖ ጉድጓድ አስቆፈረኝ።
በቆሎው ጉልበቴን ሲያልፍ ደግሞ
ጦጣዎቹ ከጅሬን ቁልቁል ይመጣሉ፣
እሸቱ የደረሰበትን ቀን ከኔ ቀድመው ያውቃሉ።

ሐምሌ ጅማ ላይ ወር አይደለም፣ ክፍል ነው፤
ገብተህ በሩን ትዘጋለህ።
ካልሲ አራት ቀን ይሰቀላል፣
አዌቱ የሰው ጫማ ይዞ ይወርዳል።
ጎደሬው ብቻ ደስ ይለዋል፤
ውኃው ቅጠሉ ላይ እንደ ብይ ይንከባለላል፤
ቀኑን ሙሉ ዝናብ ተሸክሞ አይርስም።
እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ፤ ወንድሜ ነበር፤
ዕዳ አናቱ ላይ ይዘንብ ነበር፣ አንገቱ አይረጥብም።

ጥቅምት ላይ ሜትር ይዘው መጡ፤
ሁለት ልጆችና አንድ ጣሳ ቀይ ቀለም።
ለኮብልስቶኑ ሦስት ሜትር ትገባለህ አሉኝ፣
አቮካዶው ግንድ ላይ ኤክስ ጻፉ።
ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤
ማመልከቻው ትዝ አለኝ።
መንገድ ይሠራልን ብሎ፣ ቤት ለቤት ዞሮ ያስፈረመው፣
ሁለት ሺህ ብር ያዋጣው፣ «ጭቃው ገደለን» ያለው፣
እኔ ነኝ።
ፊርማዬ ከላይ ነው፤ አንደኛ ተራ ቁጥር፤
ቆንጆ ፊርማ ነው፣ ያኔ እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር።

ኅዳር ቡናው ቀላ።
እየለቀምኩ ሳለ የድንጋይ ጠራቢዎቹ መዶሻ
ከጠዋት እስከ ማታ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ ጸጥታ።
አቮካዶውን ሲጥሉት ነጂማ ወጥታ
ላሟን ወደ ውስጥ አስገባች፣ እንዳታይ ይመስል።
ከሰዓት ቅርንጫፉን አብረን ጎተትን፤
ምንም አልተባባልንም። ፍሬው ገና ጥሬ ነበር፤
አንድ ጆንያ ሞላ፤ አልበሰለም፣ ጠወለገ እንጂ።

አሥራ ስምንት እርምጃ ቀረኝ።
ጎመኑን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ፣
የዶሮዎቹን ቤት በእግር አቆምኩት፣ ከሥሩ ሽንኩርት ዘራሁ።
መሬት ሲያጥር ወደ ላይ ይታሰባል፤
ለካ የፖል ዕውቀት ለዚህም ይሆናል።

አሁን ሚያዝያ ነው። ዘንቧል።
ነቅዬ ጨርሻለሁ ያልኩት ጎደሬ
ከሁለት ድንጋይ መካከል፣ ገና እንደተጠቀለለ፣
መንገዱ ላይ ብቅ ብሏል።
ጠዋት ከኩሽናው በር ተነስቼ ቆጠርኩ፣
አሥራ ስምንት ላይ አጥሩን ከፈትኩ፣
አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣
ሃያ አንድ፤ ድንጋዩ ያዳልጣል፤
ሃያ ሁለት።

«አባባ፣ መንገድ ላይ እኮ ነው የቆሙት!»
አለኝ የባጃጁ ልጅ።
«አውቃለሁ» አልኩት።
ጥሩንባውን ሊነፋ ነበር፤ ቅጠሏን አያት፤
መሪውን ጠምዝዞ
እኔንም እሷንም ዞሮን ሄደ።