ሰሊጥ ስንት ገባ

ወንድሜ መኳንንት ከመተማ ደውሎ፣
«ልሽጠው? ላቆየው?» ይለኛል ተቻኩሎ፤
«አንቺ አውሮፓ ነሽ፣ ወሬ ከምንጩ ትጠጫለሽ፤
እኛ ጋ ሲደርስ ድፍርስ ነው፤ ነጋዴው በር ላይ ቆሟል፣ ምን ትያለሽ?»

እኔ ፒሬዎስ ነኝ፣ የሰው ደረጃ እወለውላለሁ፣
ከስድስተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት በባልዲ እወርዳለሁ፤
ስለ ዓለም ገበያ የማውቀው ቢጠየቅ፣
የበረኪና ዋጋ ነው፣ የሳሙና፣ የጨርቅ።
ግን «አላውቅም» ማለት ለወንድም ያሳፍራል፤
ወጥቼ ፈለግሁኝ፣ ወሬስ የት ይጠፋል?

ጋዜጣ ገዛሁኝ፤ በግሪኩ ፊደል ላይ ጣቴን እያስኬድሁ፣
አንዱ ዓምድ «ጨመረ»፣ ጎረቤቱ «ወረደ»፣ ከመሀል ቀረሁ።
በቴሌቪዥኑ ከረባት ያሰረው፣
ትናንት የማለውን ዛሬ በፈገግታ ሻረው።
የዕቁባችን ዳኛ ዘርትሁን «ሊወደድ ነው፣ ከሁነኛ ሰው ሰማሁ!»
ብትለኝ፣ ወሬውን ተከትዬ ሦስት ቤት አንኳኳሁ፤
ለካስ እሑድ ዕለት «ይወደድ ይሆን?» ያልሁት እኔው ነበርሁ።

ፖሊክሮኒስን ያገኘሁት ባልዲዬን ስደፋ ነው፣
የሰሊጥ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ሠላሳ ዓመት የቆመው፤
አሁን ጡረታ ወጥቶ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጉልበቱ የከዳው፣
ወደቡን በመስኮት የሚያይ፣ ዓይኑ ግን ያልከዳው።
«መርከብ አፍ የለውም» አለኝ፣ «ሆዱን ግን አይደብቅም፤
ቀዩ ቀለም ከታየ ባዶ ነው፣ ከሰመጠ ጭኗል፤ ሌላ አላውቅም።»

ደብተሩን ገለጠ፤ የእርሳስ ጽሑፍ፣ ቀን በቀን፤
ስንት ጆንያ ለወፍጮው ወጣ፣ ከሱዳን፣ ከእኛ ወገን።
ያላየውን ከመኪናው ሹፌር ይጠይቅና፣
ጎኑ ላይ «ሰማሁ» ይላል፣ «አየሁ» አይልምና።
መሀል ላይ ባዶ መስመር አይቼ «ይኼስ?» ብለው፣
«ያን ቀን ሆስፒታል ነበርሁ፤ ምን ብዬ ልሙላው?»

እኔ ያመንሁት በዚያች ባዶ መስመር ነው።

ማታ ደወልሁለት። «እህሳ?» አለኝ ጓጉቶ፤
«ባለፈው ወር አምስት፣ በዚህ ወር ሁለት መርከብ ሰሊጥ ገብቶ፣
ወፍጮው የሌሊቱን ሥራ አቁሟል ይላሉ፤
ይሄንን ሰማሁ እንጂ አላየሁም።»
«ታዲያ ልሽጥ?»
«እሱን አላውቅም።»

ዝም አለ። በስልኩ ውስጥ የመተማ ነፋስ ይሰማል፤
ከነፋሱ ኋላ አንድ ሰው ጆንያ ይቆጥራል።
«ግማሹን» አለ በመጨረሻ፤
ለእኔ ይሁን ለነጋዴው፣ አልለየሁም።

በነጋው ስወለውል ሦስተኛው ፎቅ ደጃፍ ቆምሁ፤
ወደቡ ጭጋግ ነው። ፖሊክሮኒስ እርሳሱን በምራቁ አርሶ
«ዛሬ አላየሁም» ብሎ ሲጽፍ አየሁ።