ሰባት ደቂቃ

እኔ ሁለተኛ በረኛ ነኝ። አግዳሚ ወንበሩ ቅርፄን ለምዶታል፤
ስድስት ዓመት ጓንቲ አጥልቄ ጓንቲዬ ገና አዲስ ይመስላል።
ስለዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ማየት ነውና ሥራዬ፣
በጥቅምት ዝናብ፣ ቶርሻቭን፣ ውሃ እየጠጣ ካልሲዬ።

ከተማዋ ከባሕር ጋር በአንድ አልጋ የምታድር፣
ሱቋን በጊዜ ዘግታ መጥታለች ወደ ሜዳው ዳር።

ማጣሪያ ነው። ወንፊት ማለት፤ ሌላ ምን ስም ሊወጣለት?
ትልልቁ ከላይ ይቀራል፣ ደቃቁ ይረግፋል ወደ መሬት።
እኛ ደቃቅ ነን፤ ሕዝባችን ከነሕፃኑ ቢቆጠር
የአንድ ትልቅ ስታዲየም አይሞላም ሙሉ ወንበር።
አሠልጣኛችን የሒሳብ መምህርት፣ ማርዩን የጀልባ ሞተር ጠጋኝ፣
ራንቫ ነርስ፤ ከአዳር ወጥታ ትከሻዬን ትራስ ያደረገችብኝ።

ሶልሩን ናት በረኛዋ። አባቷ አጥማጅ፤ መረቡን ባሕር ላይ ጥሎ
«ሙላልኝ» ይላል ማለዳ ማለዳ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ።
ልጁ ደግሞ ከመረቧ ፊት «ባዶውን አሳድርልኝ» ትላለች።
አንድ ቤት፣ አንድ ሰማይ፣ ሁለት ልመና፤ የትኛዋ ቀድማ ትደርሳለች?

እንግዶቹ ቀድመው አገቡ። ሜዳው ጭጭ አለ ለአፍታ።
ከዕረፍት መልስ ማርዩን በግንባሯ፣ ከሰው ትከሻ በላይ ወጥታ፣
አንድ ለአንድ።

ከዚያ ሰማንያ አንደኛው። እጅ ነካ። ፊሽካ። ፍጹም ቅጣት ምት።
ኳሷን ነፋሱ ከነጥቧ ሁለት ጊዜ አንከባለላት።
መቺዋ ቀና ብላ የማዕዘኑን ባንዲራ ስታይ፣
ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ከጨርቅ ላይ ስትጠይቅ
ሶልሩን ዓይኗን ጨፈነች።
እዚህ የተወለደ ነፋስን በጆሮ ነው የሚያውቅ።
ወደ ግራ ወደቀች።
ኳሷ ክንዷ ላይ።

ፊሽካ። አለቀ። አላለቀም።
ሌላ አገር፣ ሌላ ሜዳ ላይ ሌሎች ሴቶች ይጫወታሉ፤
እነሱ እኩል ከወጡ እነዚህ የእኛዎቹ ያልፋሉ።
እዚያ አንዷ ተጎድታ ነበር፤ ሰባት ደቂቃ ተጨመረ።

ሃያ ሦስት ሴት በአንዲት ስልክ ዙሪያ።
ዝናቡ ስክሪኑ ላይ ይወርዳል፤ ራንቫ በማሊያዋ ትጠርገዋለች፣
ማሊያዋ ራሱ ርሷል፤ ይብሱን ታደበዝዘዋለች።
ይህን ልብ በሉልኝ፦ በዚያች ሰባት ደቂቃ አልፈናል።
ሠንጠረዡን ያየ ሁሉ ያውቃል፤ ስማችን ከመስመሩ በላይ ነው።
ማርዩን በሐሳቧ ሻንጣ አወረደች ከቁም ሣጥን አናት።
አሠልጣኟ ጣቶቿን ትቆጥራለች፤ ምን እንደምትደምር እንጃላት።
እኔ፣ ሞኟ፣ «እዚያ ይሞቅ ይሆን?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ሳቁ።
አንድም የጮኸ የለም። ጩኸት ይሰብረው ይመስል
ሁሉም በአፍንጫቸው ይተነፍሳሉ።

ስድስተኛው አለፈ።
በሰባተኛው አንዲት ልጅ፣ የማናውቃት፣ የማታውቀን፣
ከሃያ ሜትር፣ በግራ እግሯ።

ራንቫ ስልኩን ኪሷ ከተተችው፤ ማንም ምን ሆነ አላላትም።
ያቺ ልጅ ይሄኔ ሣሩ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች በደስታ፤
ባሕር ማዶ ምን እንደሰመጠ ማን ሊነግራት በዚያ ሁካታ?
ቂም አልያዝኩባትም። ትንሽ ብቻ። እስከ ማታ።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ዓሣ ፋብሪካ።
እኔና ሶልሩን አንድ ገበታ ላይ ነው የምንሠራ።
ፍጹም ቅጣት ምት ያዳነው እጅ ሥጋ ከአከርካሪ ይለያል፤
ክንዷ ላይ ኳሷ ያረፈችበት ቦታ ሰማያዊ ሆኗል።
ስለ ትናንት አላወራንም። በረዶው ይንኮሻኮሻል።

ለሻይ ስወጣ ኃላፊውን፣ ሂያልማርን፣ የፈቃድ ሰሌዳው ፊት አገኘሁት፤
ላጲስ ይዟል።
በሐምሌ ሥር፣ ከሳምንት በፊት፣ ሶልሩን በእርሳስ ጽፋለች፦
ሦስት ሳምንት። ምክንያት፦ ውድድር።
ብዙ ቆመ። ላጲሱን መለሰና
ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ
«ውድድር» የሚለውን ተወው፤ «ሦስት ሳምንት»ን በላዩ ደገመበት፣
ቀስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል።

ከዚያ ዘወር ብሎ አየኝ።
የእኔ ስም ሰሌዳው ላይ አልነበረም፤ አልጻፍኩም፤ ፈርቼ።
«አንቺስ?» አለኝ።