የጀልባ ሞተር በሸዋ ሮቢት

ሐይቅ ለምዶ ያደገ፣ ከዝዋይ የመጣ፣
ሽንኩርት ያጠጣ ዘንድ ዕጣው እዚህ ወጣ።
ሮቢ ወንዝ ዳር ላይ ድንጋይ ተደግፎ፣
ጀልባው ተሰባብሮ፣ ሞተሩ ብቻ ተርፎ።

«አራተኛ ቀኑ» አለኝ ጋሽ ሞላልኝ፣
«ስስበው ይስላል፣ ፈጽሞ አይነሣልኝ።»

ካንዴላውን ፈትቼ ጥላሸቱን ጠረግሁ፣
ከብረት አስጠግቼ እሳቱን ፈለግሁ፤
ብልጭ አለ ሰማያዊ። እሳትስ አለው።
ታዲያ ምን ይሉታል፣ ምንድነው የያዘው?
ቱቦውን ነቅዬ ባፌ መጠጥሁት፣
ማጣሪያውን ከፍቼ በቤንዚን አጠብሁት።
ገመዱን ሳብሁ፣ ሳብሁ... መዳፌ ተላጠ፤
እሱ ግን አንዴ ስሎ ጸጥ አለ፣ ተቀመጠ።
ሰደብሁት በእናቱ፣ በሠራው ፋብሪካ፤
ብረት ግን ብረት ነው፣ ስድብ አይገባው ለካ።

ከማዶ ማሳ ላይ ዘሀራ መጣች፣
የእጇን ጭቃ አራግፋ ታንኩን ዳሰሰች፤
«ጎኑ ሰርጉዷል እኮ፣ ሆዱ ተጣብቋል፣
ክዳኑን አላሉት፣ ትንፋሽ አጥሮታል።»

አንድ ዙር አላላሁት፤ እስስ ብሎ ማገና፣
ጓ አለ ፕላስቲኩ፣ ጎኑ ሆነ ቀና።
እኔ ሃያ ዓመት ያደርሁ በመፍቻ፣
የሚታፈን መስሎኝ የኖርሁት ሰው ብቻ።

በአንድ ጉተታ ተነሣ፤ ቱቦው ወንዙን ጠጣ፣
ደፍራሽ ውሃ ሮጦ ከሽንኩርቱ መጣ።
«ዋጋህስ?» ሲለኝ ዞሬ ዘሀራን አየሁ፤
ከማሳዋ ገብታለች። ግማሹን ተቀበልሁ።

ሞተሩ ግን ታስሮ ከግራሩ ግንድ፣
ይንፈራገጣል ይኸው ወደ ሐይቅ ሊሄድ፤
ሞላልኝ ስጋት ገብቶት ዙሪያውን ዞረና፣
ድንጋይ ጨመረበት፣ ደግሞ እንደገና።