በሽታ

ከቫኒያምባዲ በታች፣ ፓላር ወንዝ ሲጎድል፣
ውኃው ሰማያዊ ነው፣ ሰማይ ግን አይመስል።
ኤዙማላይ እዚያ፣ ከኖራው ጉድጓድ ዳር፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ከጥሬ ቆዳ ጋር፤
ጨውን አራግፎ፣ ነክሮ፣ ገልብጦ፣ ፍቆ፣
ማታ ቤቱ የሚገባው፣ በደጅ ልብሱን አውልቆ።

ሰዓት አስሮ አያውቅም፤ አፍንጫው ነው ሰዓቱ፤
በሽታ ይሠራል ቀን፣ በሽታ ያድራል ቤቱ።
ሰልፋይዱ ሲከረፋ፣ እንደ ገማ እንቁላል፣
«ፀጉሩ ለቋል፣ አውጡት፣ ደርሷል ቆዳው» ይላል።

የራሽን ሩዝ ማደያው ማሽን አውራ ጣቱን ሲያየው፣
«ሰው አላገኘሁም» ይላል፤ ኖራ ነው የላጨው።
«ጫን አድርገህ፣ እንደገና» ይለዋል ባለሱቁ፤
የፋቂው ጣት መስመሮች ቀድመው ነው ያለቁ።

በሐምሌ ታማራይ መጣች፣ ከቼናይ ቤተ ሙከራ፣
አንድ ከረጢት ዱቄት ይዛ፤ «ከእንግዲህ በቃ ኖራ።
ይህ ኢንዛይም ይባላል፤ የእርሾ ዘመድ ነው፤
ፀጉሩን አያቀልጥም፣ ከሥሩ ነው የሚፈታው።
ስምንት ጊዜ ማጠብ ቀርቶ፣ ሁለት ጊዜ ይበቃል፤
በርሜሉ ቀስ ብሎ ይዙር፣ ጠዋት ሥራው ያልቃል።»

ሳቀ ኤዙማላይ፦ «ቆዳ ሳይከረፋ መች ይለፋል?»
ዱቄቱንም አሸተተ፤ «ይሄ እኮ ዳቦ ይሸታል!»

ሌሊቱን አልተኛም።
በርሜሉን ዞረ፣ ዞረ፤
ቢያሸት፣ ቢያሸት፣ የለም፤
አፍንጫው ሥራ ፈታ፣ እንደ ዕውር ደነበረ።

ጠዋት ክዳኑን ሲከፍቱ፣ ፀጉሩ እንዳለ ወጣ፤
ውኃው አልጠቆረም፣ ዝቃጩም አልመጣ።
ቆዳው ነጭ፣ ጥርት ያለ፤ ዳሰሰ፣ ዳበሰው፤
ጉድለት ፈልጎ አጣ፤ ዝምታ ወረሰው።

ወንዙ ግን ወዲያው ዳነ ማለት ይሆናል ውሸት፤
የመንደሩ ጉድጓድ ውኃ ዛሬም ጨው ነው ቢቀምሱት።
ክሮሙም ገና አልቀረም፤ ባለቤቱ «ዋጋው» ይላል፤
ታማራይ ደብተሯን ይዛ፣ «የእሱም ተራ ይደርሳል።»
ማሽኑም የኤዙማላይን ጣት፣ እስካሁን አላወቀውም።

ትናንት ግን በአውቶቡስ፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣
እንደ ልማዱ ጥግ ይዞ፣ መስኮቱን ከፍቶ ለነፋስ፣
የጃስሚን ጉንጉን በፀጉሯ የሰካች አንዲት እናት
ከጎኑ ቁጭ አለች።
ባዶ ወንበር ነበር እኮ፣ ሌላ፣ ከፊት።
አፍንጫዋን አልያዘችም፤ የሳሪዋ ጫፍ ነካው፤
ሥራ ፈትቶ የከረመ አፍንጫውን፣
የአበባው ሽታ አነቃው።