ሲባጎ

የአራጋው ሞተር የተሰረቀ ለት
ሐይቅ ከተማ ላይ ጓጉንቸር አለቀ፣ ባንድ ሌት።
«ሻጭና ሌባማ ያንድ እናት ልጅ ናቸው» ብሎ ያማም ነበረ፤
እኔ ሦስት ገዛሁ። ሐሜት ቢገመድም፣ ሞተር መች አሰረ?

የኔዋ ቀይ ናት። ያሥራ አንድ ወር ዕዳ አለባት ከኋላ፣ ከዓሣው ጋራ፤
ጎህ ሲቀድ ከሐይቁ ደሴ ትወጣለች ቆሮሶ ደርድራ።
ሽታዋን አሽትተው የሰፈር ድመቶች
ከብበዋት ያድራሉ፤ ደሞዝ የማይጠይቁ፣ ሌባ የማይነኩ ዘቦች።

በመጀመሪያው ሌት ጎማዋን ከግንዱ በሰንሰለት አሰርኩ፤
በሁለተኛው ሌት ሰንሰለቱ ጮኸ፤
ነፋስ ነበር። ቢሆንም ቁጭ ብዬ አደርኩ።
በሦስተኛው ሌት ከነጭቃዋ ቤት አስገባኋት፤
ምንጣፉን አንስቼ፣ ካልጋችን ራስጌ፣ ከምሰሶው ጋር አቆራኘኋት።

ሉባባ አየችኝ። ስምንት ወሯ ነበር፤
ሆዷን ደገፍ አርጋ፣ ቆማ ከመቃኑ ስር፣
«ጣውንት ስታመጣ» አለች «ቀይ መርጠህ!
እሷስ ዘይት ትጠጣ፤ ለኔ ምን አመጣህ?»

ሳቅኩኝ፤ አላቆምኩም።
ካንዴላዋን ፈታሁ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ትራሴ ስር ከተትኩ፤
አንዱን ቁልፍ ባንገቴ፣ አንዱን ከጤፍ ማድጋ፣
አንዱን... ለማንም አልነግርም ብዬ ለራሴም አልነገርኩ።
በዚህም አልበቃኝ፤ ከመሪዋ ጫፍ ላይ ሲባጎ ቋጥሬ
ሌላውን ጫፍ አሰርኩ ባውራ ጣቴ፣ በቀኝ እግሬ፤
ሲስቧት እንድነሳ።

ጅብ ቢጮህ አልሰማ፤ ጣራው ቢያፈስ አልሰማ፤
ሉባባ ብትጠራኝ «እም» ብዬ ልዞር እንጂ አልነቃ፤
ሲባጎው ንክች ሲል ግን ዓይኔ ቁልጭ፣ እንቅልፌ አበቃ።
አይጥ ሲነካው ተነሳሁ፤ ድመት ሲነካው ተነሳሁ፤
ቀን ጢጣ ዳገት ላይ፣ ሞተሯ ላይ ሆኜ፣ እያንቀላፋሁ።

አንድ ሌሊት ታዲያ
ሲባጎው ተሳበ። እንደ አይጥ አይደለም፤ ጠበቅ፣ ረዘም አርጎ።
«ያዝኩህ!» ብዬ ዘለልኩ፤
የያዝኩት እጅ የሉባባ ነበር፣ ላብ ያጠመቀው።
«ስምህን ስጠራ ሰባት ጊዜ ሆነኝ» አለች ጥርሷን ነክሳ፣
«በዚህ ቢጠሩት ይሰማል ብዬ ነው። ምጥ ነው፤ በል ተነሳ።»

ያንገቴ ቁልፍ አለ። የማድጋው አለ፣ ጤፍ ለብሶ።
ሦስተኛው የለም።
ጫማዬ ውስጥ የለም፤ ከቁርአኑ ኋላ የለም፤ ከሳጥኑ ስር የለም።
ሌባ ሊያልፍበት የማይችለው በር ለካ ባለቤትም አያሳልፍም።

መጥረቢያ አነሳሁ።
ያን አራት መቶ ብር የከፈልኩበትን ሰንሰለት
በአራት መቶ ምት ልፈታው ቀጠቀጥኩት።
«ሌባ! ሌባ!» አለ አያ ቦጋለ፤ ግቢው ባትሪ በባትሪ ሆነ፤
እኔ ነኝ ለማለት ትንፋሼ ሳይመለስ አንድ ዱላ ጀርባዬ ላይ ተመዘነ።
«ተዉት! ባሌ ነው!» አለች፣ በምጧ መሀል ሳቅ አምልጧት።
«ኧረ ሙሄ ነው! ምነው፣ የገዛህን ትሰርቃለህ?»
ያው የመታኝ ዱላ ለሷ መደገፊያ ሆነ፤
አንዷ «ማርያም» ስትል፣ አንዷ «ፋጡማ» ስትል፣
አያ ቦጋለ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ሲል
ሰንሰለቱ ለቀቀ።

ረገጥኩ። ዝም።
ረገጥኩ። ዝም።
ካንዴላው! ትራሴን ገለበጥኩ፤ ጨርቁ ባዶውን።
ሉባባ ጡጫዋን ፈታች፤
የካንዴላው ጥርስ መዳፏ ላይ ታትሟል።
ከመጀመሪያው ምጥ ጀምራ ጨብጣው ኖሯል።
«አንተ ሞተር ጠብቅ» አለች፤ «እኔ መንገዴን ስጠብቅ ነበር።»

ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው። ድመቶቹ እስከ አስፋልቱ ሸኙን።

ሴት ልጅ ናት።
ሦስተኛው ቁልፍ በሳምንቱ ተገኘ፣ ከሄልሜቴ ስፖንጅ ውስጥ፤
ጭንቅላቴ ላይ ደፍቼው ስፈልገው ነበር ማለት ነው።
ሞተሯ ዛሬ በረንዳ ታድራለች፣ ባንድ ጓጉንቸር፤
ሲባጎው ግን አልተፈታም። ጫፉ ሉባባ ጋ ነው፤
ልጅቷ ስታለቅስ፣ ተራዬ ሲሆን፣ ትስበዋለች።
እነሳለሁ።
እጄ ግን አሁንም፣ መጀመሪያ፣ ዱላ ይፈልጋል።