ዓይን የሌለው ወፍ ጠባቂ

ሱወይቅ ላይ ጎሕ ሲቀድ፣ ባሕሩ ገና ሲነጣ፣
ዙዌይና ኮርቻው ላይ፣ እኔ ልጓም ይዤ ስንወጣ፣
ግራችን የቴምር አጥር፣ ቀኛችን ማሽላ ነበር፣
እሸቱ ራሱን ደፍቶ፣ ወፉ ላዩ ሲደረደር።

ድንገት — ዷ!
ልጓሙ መዳፌን ላጠው፤ ፈረሱ በኋላ እግሩ ቆመ፤
ልጅቷ ጠጠር ላይ ወደቀች፣ ክንዷ ክርኗ ላይ ተቆለመመ።

ወፎቹማ?
ብር ብለው አንዴ ዞረው፣ እዚያው እሸት ላይ ሰፈሩ፤
ለእነሱ የጎረቤት ውሻ ነው፤ እንደማይነክስ ተማሩ።

ሸፊቅ ከውሃው ሞተር ሮጦ ደረሰ፣ እጁ በዘይት ጠቁሮ፤
«ከፊሌ ማስካት ናቸው» አለኝ፣ አንገቱን አቀርቅሮ።
«ሰዓቱን የሞሉት እሳቸው፤
እኔ ጋዝ ነው የምቀይርላቸው።»

እኔም ቆቦ ላይ በልጅነቴ፣ ማማ ላይ ወፍ ጠብቄያለሁ፤
ወንጭፌ ሲጮህ ጅራፍ ነው፤ ግን መንገዱን አያለሁ።
በቅሎ ከነጋላቢዋ ብቅ ስትል ከወንዙ ዳር፣
ድንጋዩን እጨብጣለሁ፣ አቧራቸው እስኪሰወር።

ዛሬ ክንዷ በጀሶ ነው። እኔና ፈረሱ ብቻ
አጥሩ ጥግ ቆመን እንጠብቃለን፣ ባዶውን ይዘን ኮርቻ።
ሳይጮህ ይንቀጠቀጥና፣ አንድ እግሩን ያነሳል ቀድሞ፤
እኔ ደቂቃ እቆጥራለሁ፤
ወፉ እሸት ይለቅማል ደግሞ።