ከየጎፍ አናት የቆመ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ኮምቦልቻ፣ የሜዳው ዳር፣
የነፋስ ከረጢቱ ብቻውን ከምሰሶው ጋር ሲማከር፣
ከድጃ በላቸው መጣች፣ ኮምፒውተሯን ታቅፋ፤
«ጋሼ ይመር፣ ይዩት» አለች፣ ሰላምታዋን ለነገ አሳልፋ።

ሁለት ዝርዝር፤ አንድ ቀን፣ አንድ ሰማይ፣ አንድ ሳተላይት፤
ባሕር ማዶ ሁለት ማሽን ያንኑ ነፋስ የዳኙበት።
በአንዱ «ተቀባይነት አግኝቷል»፣ በአንዱ «ተጥሏል» ይላል፤
ነፋሱስ ያው አንድ ነበር፤ እንዴት ሁለት ፍርድ ያገኛል?

እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ነፋስን ስጽፍ የኖርሁ፣
በክረምት በበጋ፣ በእርሳስ፣ አንድም ቀን ያላጎደልሁ
(ከአንድ ቀን በቀር፤ ያን ቀን እናቴን ቀበርሁ)፣
ችሎት እንደ ቆመ ምስክር አድርጌ ነው ያየሁት።

ሳተላይት ነፋስን አያይም፤ የሚያየው ደመናን ነው፤
በየሩብ ሰዓቱ ፎቶ፤ «ከዚያ እዚህ ደረሰ» የሚለው።
ከእርምጃው ፍጥነት ያወጣል፤ እስከዚህ ድረስ ጥሩ፤
«በየትኛው ከፍታ?» ሲሉት ግን ይጠፋበታል ምሥጢሩ።
ከደመናው ቅዝቃዜ ገምቶ አንድ ቁመት ይሰጠዋል፤
ደመናው ስስ ከሆነ፣ የታቹ ሙቀት ያሳስተዋል።

አንደኛው ዳኛ ጥብቅ ነው። የራሱ ግምት አለው ቀድሞ፣
ምስክር ሳይሰማ ገና ፍርዱን በልቡ አቁሞ፤
«እኔ ካሰብሁት ምን ያህል ራቅህ?» ብሎ ይጠይቃል፤
ብዙ ከራቀ፣ በቃ፣ ከመዝገብ ይሰርዘዋል።
ተራራ ባለበት አገር ደግሞ፣ ዝቅ ብሎ የመጣን ቃል
ከደጅ መልሶ «ሂድ፣ ወደመጣህበት» ይላል።

ሁለተኛው ሆደ ሰፊ ነው፤ ሁሉንም ያስገባል ከቤት፤
የራቀውን አያባርርም፤ ይቀንስበታል ክብደት።
ጎረቤታሞች ተሰብስበው አንድ ዓይነት ነገር ሲያወሩ
«ተነጋግራችሁ ነው የመጣችሁ፤ አንዳችሁ ብቻ ቅሩ።»

«የቱ ነው ልክ፣ ጋሼ?» አለች። ዝም ብዬ በመስኮቱ
የጎፍን አሳየኋት።
                ደመናው እንደ ሻሽ ከአናቱ
ተጠምጥሞ ቆሟል። አንድ ሰዓት። ሁለት። አይነቃነቅም።
ሳተላይቱ ቢያየው «ነፋስ የለም» ማለቱ አይቀርም።
ነፋሱ ግን ከባቲ መጥቶ በመሐሉ እያለፈ፣
በዚህ በኩል ደመና እየሠራ፣ በዚያ በኩል እያራገፈ፤
እንደ ቦርከና ነው፤ ከድንጋዩ ጥግ ያለው አረፋ
ቆሞ ይታያል፤ ውሃው ግን ወርዷል ወደ ጨፋ።

ፊኛ ብንለቅ ይለይ ነበር። ጋዙ ግን ሰባት ሳምንት
«መንገድ ላይ ነው» ሲባል ቆይቶ፣ ደሴ ተሳስቶ ደርሶ፣
ሐሙስ በሐረጎ ቁልቁል መጣ፣ ከባዶ የቢራ ሳጥን ጋር፣ ተመልሶ።

ለቀቅናት። እኔ በቴዎዶላይቱ እያየሁ፣ ከድጃ እየጻፈች፣
ነጯ ፊኛ በየጎፍ ትከሻ ዞራ ወደ ጦሳ አዘመመች።

ማታ በአምፖል ስናሰላው፣ ያን ቀን የተጣለው ቃል
እውነት ነበር። ፍጥነቱም፣ አቅጣጫውም፣ እንዳለው ነው፤
ብቻ ፎቁን ስቶታል፤ እሱ አንደኛ ፎቅ ያለው
ሦስተኛው ላይ ነው ያገኘነው።
ጥብቁ ዳኛ እውነትን ጣለ፣ በትክክለኛ ምክንያት፤
ሆደ ሰፊው እውነትን ተቀበለ፣ አስቀመጣት ከማይሆን ቤት።

«ታዲያ ማን ረታ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?
«ያንቺን ስም ለሁለቱ ቢሰጧቸው» አልኋት፣
«አንዱ ከድጃን ይቀበል፣ አንዱ በላቸውን ይጥል ነበር።»
ሳቀች። ውጭ ጅብ ጮኸ። መጋቢት ነው፤ በልጉ ገና አልመጣም።

በማግስቱ ዝርዝሩ መጣ። የእኛዋም ፊኛ አለችበት፤
በአንዱ መዝገብ ተቀብለዋታል።
በአንዱ፣ ከኮምቦልቻ ጎን፣ ትንሽ ቀይ ምልክት፦
«አጠራጣሪ።»

እርሳሴን ቀረጽሁ። ወጣሁ። ከረጢቱ ወደ ምዕራብ ተነፍቷል፤
አምስት ኖት ብዬ ጻፍሁ። የጎፍ ላይ ደመናው ቆሟል።